በአንዲት መስመር የታለፈ ምዕራፍ፦ ስለ ዘረመልና የጤና ትምህርት ግልጽ ደብዳቤ

ለማህበረሰብ ጤና ትምህርትና የባህሪ ለውጥ ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ከተሻሻለው የጤና ትምህርት መመሪያ የወጣው የዘረመል ክፍል ታርሞ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የተሻሻለው መመሪያ ደርሶን አንብበነዋል። በቀድሞው እትም ራሱን ችሎ የነበረው፣ በዘር ስለሚተላለፉ በሽታዎች የሚያስተምረው ምዕራፍ ወጥቷል። የተረፈው በልብ ሕመም ገጽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ ዕድሜ፣ ፆታና ዘር ሊለወጡ ስለማይችሉ አስተማሪው ሊለወጡ በሚችሉት ላይ ያተኩር ትላለች። የቤት ለቤት መጠይቁም በአንድ ገጽ ይለቅ ተብሎ የቤተሰብ የጤና ታሪክ ክፍሉ ተሰርዟል። በዚያው ሰሞን ግን መስሪያ ቤታችሁ «ዘርዎን ይወቁ፣ ኑሮዎን ይለውጡ» የሚል በራሪ ወረቀት አሰራጭቶ ሰው በራሱ ገንዘብ የዘረመል ምርመራ እንዲያደርግ ይገፋፋል። መመሪያው ዘረመልን ከነጭራሹ ረሳው፤ በራሪ ወረቀቱ ደግሞ ከአቅሙ በላይ አሸከመው።

ይህን መመሪያ ይዘን ሕዝብ ፊት የምንቆመው እኛ ነን። ጥያቄ የሚመጣውም ለእኛ ነው። ስለዚህ ቅሬታችንን አንድ በአንድ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዘር አይለወጥም ማለትና ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት የተለያዩ ናቸው። መመሪያው የመጀመሪያውን ጽፎ አንባቢው ሁለተኛውን እንዲረዳ ይተወዋል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በዘር በሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ላይ ነው። ከ250 ሰዎች አንዱ ያህል ይህ አለበት፤ ብርቅ በሽታ አይደለም። ኤልዲኤል የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅሙት የጉበት ተቀባዮች ግማሽ ያህሉ ስለማይሠሩ፣ ኮሌስትሮሉ ከልጅነት ጀምሮ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጠራቀማል። ሕክምና ካላገኙ ወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከሴቶቹም 30 በመቶ ያህሉ 60 ሳይሞላቸው የልብ ደም ሥር ሕመም ይይዛቸዋል።

እንግዲህ 38 ዓመቱ የሆነ፣ ቀጭን፣ የማያጨስ፣ በየቀኑ በእግሩ የሚሄድ ሰው የልብ ሕመም ገጹ ሲነበብለት ምን ይሰማል? ስብ ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ አታጭሱ። እሱ ሁሉንም አሟልቷልና እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቱ በ46 ዓመቱ በልብ ድካም ድንገት ማረፉን የሚጠይቀው የለም፤ ኤልዲኤሉ 240 ሚሊግራም በዴሲሊትር መሆኑንም የሚያውቅ የለም። ለዚህ ሰው አመጋገብ ጥቂት ይረዳዋል እንጂ አይበቃውም። የሚያስፈልገው ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ካልበቃ ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። ከተገኘ ደግሞ እያንዳንዱ ወንድሙ፣ እህቱና ልጁ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ የእነሱም ደም መለካት አለበት፤ ልጆች 10 ዓመት ሳይሞላቸው ቢለኩ ይመረጣል። ለዚህ ሁሉ የዘረመል ምርመራ እንኳ ግድ አይደለም፤ ተራው የደም ስብ ምርመራ ብዙውን ይለያል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ከኋላ ያለው ጅማት መወፈር ወይም ከ45 ዓመት በፊት በዓይን ብሌን ዙሪያ የሚታይ ነጣ ያለ ቀለበት ለአስተማሪው ዓይን የሚበቃ ምልክት ነው። በአዲሱ መመሪያ ይህ አንዱም የለም።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ፌኒልኬቶኑሪያ ያለበት ሕፃን ፌኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን አካል መሰባበር አይችልም፤ ካልታወቀ አንጎሉ ይጎዳል፤ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልዩ ምግብ ከጀመረ ግን እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ዘረመሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ሳህኑ ነው። ይህን የምናነሳው ብዙ ወላጆች ከአራስ ልጃቸው የተረከዝ ደም ጠብታ ለምን እንደሚወሰድ ስለማይነገራቸው ነው። ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው የተወሰደ ደም ውስጥ ፌኒልአላኒኑ ገና ስላልጨመረ በሽታው ሊያመልጥ ይችላል፤ ቀድማ ከሆስፒታል የወጣች እናት ልጇን መልሳ ማምጣት አለባት። መመለሻ ቀኑን የሚነግራት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲክል ሴል የሚባለው፣ ቀይ የደም ሴል የማጭድ ቅርጽ የሚይዝበት በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ያለበት ሕፃንም ከሁለት ወሩ ጀምሮ እስከ አምስት ዓመቱ በቀን ሁለት ጊዜ ፔኒሲሊን ሲወስድ ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሚያመጣው ገዳይ ኢንፌክሽን ይጠበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ጥናት መቀነሱን 84 በመቶ አድርሶታል። ከመድኃኒቱ ጋር ወላጅ ሁለት ነገር መማር አለበት፤ ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሕክምና መውሰድ፤ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች ጣፊያው ማበጡን በእጅ ዳስሶ ማወቅ።

ሁለተኛ፣ የቤተሰብ የጤና ታሪክ ክፍል መሰረዙ። ክፍሉ ቀድሞም ጥሩ አልነበረም፤ ስለዚህ እንዳለ ይመለስ አንልም። ጥያቄው «በቤተሰብዎ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ?» የሚል ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ «የለም» ነው። የእናቱን የጡት ካንሰር ወይም የአጎቱን ድንገተኛ ሞት የዘር በሽታ ብሎ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። በበሽታ ስም ሳይሆን በሰው መጠየቅ ይሻላል፤ አባትዎ በሕይወት አሉ? ምን ያማቸዋል? ሕመሙ ሲጀምር ስንት ዓመታቸው ነበር? ከዚያ እናት፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች፣ በመጨረሻ የሁለቱም ወገን አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች። ሦስት ትውልድ፣ ሁለት ወገን።

ዕድሜውን መጠየቅ ለምን አስፈለገ? በ78 ዓመት የመጣ የልብ ሕመም ስለ ልጆች ብዙም አይናገርም፤ ወንድ ዘመድ ከ55፣ ሴት ዘመድ ከ65 ዓመት በፊት ሲይዛቸው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በጡት ካንሰርም ከ50 ዓመት በፊት የመጣ፣ ሁለቱንም ጡት የያዘ፣ ወንድ ላይ የታየ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ከእንቁላል ማኅደር ካንሰር ጋር የተገኘ ከሆነ ወደ ዘረመል አማካሪ መላክ ይገባል። ወላጅ ወይም ወንድም ወይም እህት የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለበት፣ የአንጀት ምርመራ የሚጀመረው በ40 ዓመት ወይም ዘመዱ ካንሰሩ ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ነው። ወንድሟ በ43 ዓመቱ የታመመባት ሴት በ33 ዓመቷ ትጀምራለች ማለት ነው። አዲሱ መመሪያ ግን ለሁሉም አንድ ዕድሜ ሰጥቶ ይህችን ሴት ከአሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃታል።

ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይመጣሉ። የአባት ወገን ይዘለላል፤ ቢአርሲኤ 1 ወይም ቢአርሲኤ 2 በተባሉት ዘረመሎች ላይ ያለን ጎጂ ለውጥ ግን ጤነኛ አባት እንደ እናት ሁሉ ለልጁ በ50 በመቶ ዕድል ያስተላልፋል፤ ያንን የወረሰች ሴት 80 ዓመት እስኪሞላት ድረስ የጡት ካንሰር የሚይዛት ዕድል 70 በመቶ ገደማ ነው። «የለም» እና «አይታወቅም» በአንድ ሳጥን ይሞላሉ፤ በጉዲፈቻ ያደገ፣ ዘመዶቹ በለጋ ዕድሜያቸው በአደጋ የሞቱበት ወይም ቤተሰቡ ትንሽ የሆነ ሰው ቅጹ ባዶ ስለሆነ ብቻ ከስጋት ነፃ ተብሎ ይታለፋል። ሦስተኛው፣ ቅጹ አንዴ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ የቤተሰብ ታሪክ ግን በየጊዜው ይለወጣልና በዓመት አንዴ «አዲስ የታመመ አለ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ በራሪ ወረቀቱ። ሰው ዘሩን ካወቀ ኑሮውን ይለውጣል የሚለው ሐሳብ ተፈትኖ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ስምንት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ፣ ለሰዎች የዘረመል ተጋላጭነታቸውን መንገር ማጨስን፣ አመጋገብንም ሆነ የአካል እንቅስቃሴን እንደሚለውጥ ማስረጃ አላገኘም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ የልብ ሕመም የዘረመል ተጋላጭነታቸው የተነገራቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ኤልዲኤላቸው ካልተነገራቸው በ9 ሚሊግራም ያህል ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ይህን ያመጣው ግን ሩጫ ወይም ምግብ አይደለም፤ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ስታቲን የጀመሩት መብዛታቸው ነው። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለናል፤ የዘረመል መረጃ አንድ ጊዜ ተወስኖ በሰው እገዛ የሚፈጸምን ነገር ያንቀሳቅሳል፤ በየዕለቱ ራስን ማሸነፍ የሚጠይቀውን ልማድ ብቻውን አያንቀሳቅስም። መድኃኒት መጀመር፣ ምርመራ መያዝ፣ ልጅን ማስለካት የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። በራሪ ወረቀቱ ገንዘቡን ያፈሰሰው ለሁለተኛው ነው።

ቃሉ ራሱም ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የስታንፎርድ ሙከራ ተሳታፊዎች እውነተኛ ዘረመላቸው ምንም ይሁን ምን፣ በዕጣ ግማሾቹ «ለእንቅስቃሴ የማይመች ዘር አለዎት» ተባሉ። ከዚያ በመሮጫ ማሽን ላይ የነበራቸው አቅም ወረደ። እንግዲህ «የእርስዎ ዘር ለውፍረት የተጋለጠ ነው» ብሎ ለሕዝብ የሚበትን ወረቀት ማን ተጠያቂ ይሆንበታል?

እንዴት ይጻፍ ብላችሁ ብትጠይቁን፣ አንድ ምሳሌ በቅርብ እናሳይ። ወረቀቱ ስለ ዓይነት 2 ስኳር በሽታ እንዲህ ይላል፦ «በቤተሰብዎ ስኳር ካለ ተጋላጭነትዎ በእጥፍ ይጨምራልና ይጠንቀቁ።» የምን እጥፍ እንደሆነ አልተነገረም። ከ1,000 አንድ የነበረ ወደ ሁለት ቢሄድም እጥፍ ነው፤ ከ100 ሃያ የነበረ ወደ አርባ ቢሄድም እጥፍ ነው። «ይጠንቀቁ» ደግሞ ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ የሚያደርገው ነገር አይደለም። እኛ የምናቀርበው ይህን ነው፦ «እናትዎ ወይም አባትዎ ዓይነት 2 ስኳር ካለባቸው፣ በዚህ ወር በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ያስለኩ። ስኳርዎ ከፍ ማለት ከጀመረና ክብደትዎ ከልክ ካለፈ፣ ከክብደትዎ 7 በመቶ ይቀንሱ፤ 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 5.6 ኪሎ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። በዚህ መንገድ ከሄዱ ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የተሻገሩት ካልሄዱት በ58 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ዘራቸው የሚያጋልጣቸውም ተጠቅመዋል።» የመጨረሻዎቹ ቃላት ለማጽናናት የገቡ አይደሉም። ከ3,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት በዚያ ጥናት፣ ቲሲኤፍ7ኤል2 የተባለውን አጋላጭ ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ምንም ካላደረጉ በግልጽ ይበልጥ ይታመሙ ነበር፤ ኑሯቸውን በለወጡት መካከል ግን ልዩነቱ ጠብቧል። ለሕዝብ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው።

አራተኛ፣ ዕድልን ማስላት። ሁለት የሲክል ሴል ተሸካሚዎች (ጎጂውን ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ጤነኞች) ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። ያለ ማብራሪያ ሲነገር «ከአራት ልጅ አንዱ» ተብሎ ይሰማና፣ አንድ የታመመ የወለዱ ጥንዶች ቀጣዮቹ ሦስቱ ጤነኛ ናቸው ብለው ይወልዳሉ። ይህን በንግግር ማስረዳት አይሠራም። ሁለት ሳንቲም ያስፈልጋል፤ የአንዱ ሳንቲም ዘውድ የእናት፣ የሌላው ዘውድ የአባት ጎጂ ዘረመል ይሁን። ተሳታፊዎች ሁለቱን በአንድ ላይ ሃያ ጊዜ ይጣሉ፤ ውጤቱን በሰሌዳ ይጻፉ። ሁለት ዘውድ ሲወጣ የታመመ ልጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲወጣ ወይም ሃያውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲወጣ ይታያል፤ ሳንቲም ያለፈውን እንደማያስታውስ ያኔ ይገባል። አስተማሪው ሲጨርስ «ገባችሁ?» አይበል፤ «አንድ የታመመ ልጅ ላላቸው ጎረቤቶች ምን ትሏቸዋላችሁ?» ብሎ መልሰው እንዲያስረዱት ያድርግ።

ከዚሁ ጋር ተሸካሚና ታማሚ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። መመሪያው በደም ማነስ ገጽ ላይ «ሲክል ሴል ያለባቸው» ብሎ ሁለቱን ቀላቅሏል። መቀላቀሉ ምን እንደሚያመጣ ዓለም አይቷል። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጤነኛ ተሸካሚዎች እንደ ታማሚ ተቆጥረው ሥራና የሕይወት መድን ተከልክለዋል። በግሪክ ኦርኮሜኖስ ሕዝቡ ተመርምሮ ተሸካሚ ተሸካሚን እንዳያገባ ሲመከር፣ ሰው ውጤቱን መደበቅ ጀመረ፤ ተሸካሚዎች ለትዳር ተናቁ፤ ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑ ጥንዶችም ያለ ምክር በአጋጣሚ ከሚጠበቀው አላነሱም። ምርመራው ትክክል ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልቀደመም። በተለይ ሴቷ ላይ የሚወርደው ወቀሳ መመሪያው ውስጥ በግልጽ መቃወም አለበት። የልጅን ፆታ የሚወስነው የአባት ዘር ፍሬ ነው፤ ሲክል ሴል የሚወረሰው ከሁለቱም ወገን ነው፤ ዳውን ሲንድረም ደግሞ በአብዛኛው ሴል ሲከፋፈል በሚፈጠር ስህተት የሚመጣ እንጂ እናት ባደረገችው ወይም ባላደረገችው ነገር አይደለም።

አምስተኛውን በአጭሩ። የመድኃኒት ገጹ ስለ ዘር አንዲት ቃል የለውም። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው በዓለም 400 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አሉ፤ ፕሪማኩዊን የተባለውን የወባ ወይም ዳፕሶን የተባለውን የሥጋ ደዌ መድኃኒት ሲወስዱ ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል፤ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ሲጠቁር መድኃኒቱን አቁሞ ፈጥኖ መሄድ ያስፈልጋል። በእናት ወገን ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተወግቶ ጆሮው የደነቆረ ዘመድ ያለው ሰውም ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መርፌውን መውሰድ የለበትም። «በቤተሰብዎ መድኃኒት የጎዳው አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ በራሪ ወረቀቱ የሚያስተዋውቃቸው የብዙ ዘረመል ድምር ውጤቶች (የብዙ ዘረመሎችን ትንንሽ ተጽዕኖ ደምረው ተጋላጭነትን የሚገምቱ ቁጥሮች) በአብዛኛው የተሠሩት ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች በተሰበሰበ መረጃ ነው። ለሌሎች ሕዝቦች ትንበያቸው እየደከመ ይሄዳል። ይህን ሳይገልጹ ውጤቱን ለሁሉም እኩል ማቅረብ ትክክል አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የወጣው ምዕራፍ ብቻውን እንዲመለስ አንፈልግም፤ መጨረሻ ላይ የተሰፋ ምዕራፍ አይነበብም። ይልቅ በልብ፣ በስኳር፣ በካንሰር፣ በደም ማነስ፣ በእናቶችና ሕፃናት እንዲሁም በመድኃኒት ገጾች ላይ በየቦታው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ እያንዳንዱም በቁጥር የተነገረ ተጋላጭነት፣ አንድ የሚደረግ ነገርና የሚሄዱበት ሰው ይኑረው። በእናቶች ገጽ ላይ ለምሳሌ ከእርግዝና በፊት የሚጀመረው የ400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ምክር አለ፤ ቀድሞ የነርቭ ዘንግ ክፍተት (የአከርካሪ ወይም የአንጎል በሚገባ አለመዘጋት) ያለበት ልጅ የወለደች እናት ግን 4 ሚሊግራም፣ አሥር እጥፍ፣ በሐኪም ትእዛዝ እንደሚያስፈልጋት ይጨመር።

የቤተሰብ ታሪክ ክፍሉ በሰው እንጂ በበሽታ ስም በማይጠይቅ ቅጽ ይመለስ፤ «የለም» እና «አይታወቅም» የተለያየ ሳጥን ይኑራቸው። ቅጹ በር ላይ ወይም በጋራ መዝገብ አይቀመጥ፤ በቡድን ትምህርት ላይም ማንም ስለ ቤተሰቡ እጁን እንዲያወጣ አይጠየቅ።

ቅጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መላኪያ መንገዱ ይዘጋጅ። ተጋላጭ ሆኖ የተገኘ ሰው ወዴት እንደሚላክ ሳይታወቅ መጠየቅ ፍርሃት ብቻ ያተርፋል። ለዘመዶች የሚሰጥ ግማሽ ገጽ ደብዳቤም ይታተም፤ የበሽታው ስም፣ የሚደረገው ምርመራና የሚደረግበት ቦታ ይጻፍበት፤ የታማሚው ስም አይጻፍ፤ ለዘመዶቹ የሚሰጠውም ራሱ ታማሚው ይሁን እንጂ መስሪያ ቤቱ አይደውልላቸው።

በራሪ ወረቀቱ ይሰብሰብ። አዲሱ ከመታተሙ በፊት ፊደል በቆጠሩም ባልቆጠሩም ሰዎች ፊት ተነብቦ፣ የተረዱትን በራሳቸው ቃል መልሰው ሲናገሩ ተመዝግቦ ይታረም።

የሥራ ሪፖርቱም ይለወጥ። አሁን የሚቆጠረው ስንት ሰው ትምህርቱን ሰማ የሚለው ነው። ከአንድ ታማሚ ተነስቶ ስንት ዘመድ ተመረመረ፣ ከተመረመሩት ስንቱ ሕክምና ጀመረ የሚለው ይቆጠር።

ለዚህ ደብዳቤ መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ ረቂቅ ጽሑፎቹን ለማዘጋጀትና የመስክ ሙከራውን ለማካሄድም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጤና ትምህርት፣ በዘረመል ምክርና በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች